ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን፦ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገባ ኳስ ተጫዋች ክረምቱ እንዴት ይለፍ?

ጥያቄ፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ በመስከረም ደብረ ብርሃን አክስቱ ዘንድ ሆኖ ዘጠነኛ ክፍል ይጀምራል። እኛ የምንኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ኳስ ነፍሱ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ካልገባሁ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። እኔም ላግዘው ብዬ በየቀኑ ማለዳ 11 ሰዓት እያስነሳሁ ዳገት አስሮጠዋለሁ። አሁን ደግሞ ጉልበት እንዲያወጣ ብዬ ድንጋይ በቦርሳ እያሸከምኩት ነው። ከሰዓት ሜዳ ወርዶ ከትልልቆቹ ጋር ይጫወታል። ሰሞኑን ጉልበቴን አመመኝ ማለት አብዝቷል፤ ስንፍና ይሁን ምን አላውቅም። ክብደት ማንሳት ቁመት ይገታል የሚሉኝስ እውነት ነው? ታኬታ አሁን ልግዛለት ወይስ እዚያ ሲደርስ? በሁለት ወር እንዴት ላዘጋጀው?»

መልስ፦ የድንጋዩን ቦርሳ ዛሬውኑ ያውርዱለት። የማለዳውን ዳገትም ያቁሙ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ልጅዎ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ልጅ 11 ሰዓት ተነስቶ ዳገት አይወጣም። የያዘው ችግር ተቃራኒው ነው፤ በዝቶበታል። ማለዳ ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ሁለት ሰዓት ቢሠራ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያልፋል። ታዳጊዎችን የምናሠለጥን ሰዎች የምንጠቀምበት ቀላል መለኪያ አለ። ልጁ በሳምንት የሚሠራው ልምምድና ውድድር ተደምሮ በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው ቁጥር አይበልጥም። ለ14 ዓመት ልጅ ጣሪያው 14 ሰዓት ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ልጅዎ ከጣሪያው በላይ ወጥቷል፤ ያውም ሸክም ተጨምሮበት።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ልጁን አስቀምጡና እግሩን ዘርጋ አድርጎ ያዝናና። ከጉልበቱ ሎሚ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ቅልጥሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንዲት ጉብታ አለች። እሷን በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሏት። ሲነካ በሕመም ከደነገጠ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲዘል፣ ኳስ ሲመታ፣ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ሲንበረከክ የሚያመው ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ችግሩን ለየብቻቸው የገለጹት ሁለት ሐኪሞች ናቸው ስማቸውን የሰጡት። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜ ቁመቱ በአንድ ጊዜ ይመዘዛል። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻውና ጅማቱ ኋላ ይደርሳሉ። የጭኑ ትልቅ ጡንቻ በጅማት አድርጎ የሚይዘው ያችን ጉብታ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና አልጠነከረችም። በሮጠና በዘለለ ቁጥር ይጎትታታል፤ ትቆጣለች፤ ታብጣለች። ተመሳሳይ ነገር ተረከዝ ላይም ይመጣል፤ እሱ ትንሽ ቀደም ባለ ዕድሜ የሚታይ ነው።

ይህ ችግር ልጁን አካል ጉዳተኛ አያደርገውም። እድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይተወዋል። ጉብታዋ ብቻ ትንሽ ወጣ ብላ ልትቀር ትችላለች። ግን «ይለምደዋል» ተብሎ በላዩ ላይ የሚሮጥበት ሕመም አይደለም። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ሩጫውንና ዝላዩን ይቀንስ። ከልምምድ በኋላ በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ካልተገኘ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ፎጣ 15 ደቂቃ ያህል ይያዝለት። የፊት ጭኑን በየቀኑ ያፍታታ፤ ቆሞ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ይሳብና 30 ሰከንድ ይያዝ። ማፍታታቱ ራሱ ጉብታዋን ካሳመማት ይተወው። ኳስ ጨርሶ ማቆም ግዴታ አይደለም። ሕመሙ ቀላል ሆኖ በማግስቱ ጠዋት የማይብስ ከሆነ ይጫወት። እያነከሰ ከሆነ አይጫወት። ድንበሩ ማንከስ ነው፤ ማንከስ ላይ ድርድር የለም።

አሁን የምጽፈውን በደንብ ያንብቡልኝ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የጉልበቱ መጋጠሚያ ራሱ ማበጥ፣ ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ማለት፣ ትኩሳት፣ ወይም በዕረፍት የማይተው ሕመም ካለ የታዳጊ የእድገት ሕመም ነው ብለው አይጠብቁ። ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሳ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ መጋጠሚያ ችግር ሕመሙን ጉልበት ላይ ሊያሰማ ይችላል። ልጁ ጉልበቴን እያለ ጉልበቱ ሲነካ ምንም ካላመመው፣ እግሩንም ወደ ውጭ አዙሮ የሚያነክስ ከሆነ ዳሌው ይታይለት። ይህ ቀናት የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ወጌሻም ላይ አንድ ነገር ልበል፤ አገራችን ነውና። ወለም ያለውን እግር ማሸት የለመድነው ነው፤ ጥሩ እጅ ያላቸውም አሉ። ግን የታዳጊ አጥንት ጫፉ ላይ ገና እያደገ ያለ ክፍል አለው። ወለምታ የመሰለው ነገር የዚያ ክፍል ስብራት ሊሆን ይችላል። ያንን ማሸትና መጎተት እግሩን አጣሞ ሊያስቀረው ይችላል። ከሁሉ የከፋው በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። ደም ዝውውሩ ተቋርጦ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይተዋል። የተጎዳው እግር መሬት አላስረግጥ ካለ፣ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ፣ መጀመሪያ ራጅ። ታስሮ ከሆነና ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስራቱ በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ልጁም ሳይዘገይ ሆስፒታል ይድረስ። ለጨዋታ ብሎ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ መዋጥም ይቅር። ሕመም የሚነግረውን ነገር አፍኖ ሜዳ መግባት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ስለ ሩጫው ብዙ አባቶች እንደ እርስዎ ነው የሚያስቡት። የሯጮች አገር ስለሆንን ይመስለኛል፤ ዝግጅት ሲባል ዳገት ይታየናል። ኳስ ግን ሌላ ነው። በ90 ደቂቃ አንድ አዋቂ የሜዳ ተጫዋች አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ አብዛኛው እርምጃና ሶምሶማ ነው። ጨዋታውን የሚወስኑት በመሀል ያሉት አጫጭር ፍጥነቶች ናቸው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ተፈትልኮ መሮጥ፣ ቆም ማለት፣ መዞር፣ እንደገና መነሳት። በየማለዳው በዝግታ ዳገት የሚሮጥ ልጅ በዝግታ ዳገት መሮጥ ይችልበታል። ሸክም ሲጨመርበት ደግሞ ጎንበስ ማለት ይለምዳል፤ ጉልበቱና ወገቡ ላይ ጫና ይደርሳል። ለኳስ የሚሆን ትንፋሽ የሚገኘው ከኳስ ነው። አራት ለአራት፣ ጠበብ ባለ ሜዳ፣ አራት ደቂቃ ተጫውቶ ሁለት ደቂቃ ማረፍ፤ ይህንን አራት ዙር ይሥሩ። ልቡም ይሠራል፣ ሳንባውም ይሠራል፣ ኳስም ደጋግሞ ይነካል።

ክብደት ማንሳት ቁመት ይገታል የሚባለው እውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ሥራም በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይኑርበት ይላል። ልጅን የሚጎዳው አሠራሩን ሳያውቅ ከአቅም በላይ ማንሳቱ ነው። ስለዚህ ያለ አሠልጣኝ ጂም ገብቶ ብረት አይሸከም። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ፑሽ አፕ፣ በክርን ተደግፎ ሰውነትን እንደ ጣውላ ቀጥ ማድረግ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ፣ ጉልበቱ ሲሻለው ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ።

በተለይ የማሟሟቂያውን ጉዳይ አጥብቄ እናገራለሁ። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ዝግጁ መርሐ ግብር አለ። የተዘጋጀው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች ነው። 15 እንቅስቃሴ፣ ሦስት ክፍል፣ 20 ደቂቃ። መጀመሪያ ቀስ ያለ ሩጫ ዳሌን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እያዞሩ። ከዚያ የሆድና የጀርባ ጥንካሬ፣ የቋንጃ ሥራ፣ ሚዛንና ዝላይ። መጨረሻ ላይ ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መቀየር። ኳስና ሜዳ እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም። ቡድኖች በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሠሩት ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። የቋንጃው ሥራ ተንበርክኮ የሚሠራ ነው። ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፤ እሱ ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል። የልጅዎ ጉልበት እስኪሻለው ይህችን ይዝለላት፤ ሲጀምራትም ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ይደረግለት። ከዝላይ ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ተጋጭተው እንዳይገቡ ይዩት። ይህን ለማየት አሠልጣኝ መሆን አያስፈልግም፤ ፊት ለፊቱ መቆም በቂ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ናት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ። ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማበርን ዋሻ ሲሻገር ልጅዎ የሚተነፍሰው አየር ሌላ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ሸዋ ሮቢት ከለመደው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቆላ ላይ ዳገት መሮጥ ለዚህ አያዘጋጅም። ዳገቱ እግሩን ያደክመዋል እንጂ አየሩ ያው የቆላ አየር ነው። ለደጋ አየር የሚያዘጋጀው ደጋ መኖር ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ ያለከልካል፤ ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፉም ሊቆራረጥ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይስተካከላል። ደሙ ሙሉ በሙሉ እስኪላመድ ግን ሳምንታት ይፈጃል። እዚያው ተወልደው ካደጉት ልጆች ጋር በደረሰ በሦስተኛው ቀን ለምርጫ ቢሰለፍ ችሎታው ሳይሆን ትንፋሹ ያዋርደዋል።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይኸው ነው። ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ከነሐሴ 20 ሳይዘገይ፣ አክስቱ ዘንድ ይሂድ። ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን ወደ እናንተ ቢመለስ የለመደው አይጠፋበትም። የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ይሁን፤ እርምጃ፣ ኳስ ማንጠባጠብ፣ ቅብብል። በሁለተኛው ሳምንት አጫጭር ጨዋታ። ፍጥነት የሚጠይቀው ሥራ በሦስተኛው። ቀደም ብሎ መሄድ ካልተቻለም አይደናገጡ። የትምህርት ቤት ቡድን ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ እዚያው ይላመዳል። ብቻ የመጀመሪያውን ሳምንት ራሱን አያስገድድ።

ኳሷም ደጋ ላይ ጠባይዋ ይለወጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ብዙ አይገታትም። ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ልክ የነበረ ረጅም ኳስ ደብረ ብርሃን ላይ ከጓደኛው አልፎ ይወጣል። ጠምዝዞ የሚመታው ኳስም እንደ ለመደው አይታጠፍለትም። ይህ ከሁለትና ከሦስት ልምምድ በኋላ እግሩ ራሱ የሚያርመው ነገር ነው። ቀድሞ ካወቀው ግን በምርጫው ቀን ምን ነካኝ ብሎ አይረበሽም።

የስፖርት መምህሩ ከዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጉልበት አይጠብቅም። ቡድኑ ውስጥ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ፂም ያወጡ ናቸው፤ በትከሻ ገፍተው ይጥሉታል። ትንሹ ልጅ ከትልልቆች መሀል የሚያመልጠው ቀድሞ በማሰብ ነው። ኳሷ እግሩ ሥር ከመድረሷ በፊት ወዴት እንደሚያቀብላት ያወቀ ልጅ አይገፋም፤ ምክንያቱም ተጋፊው ሲደርስ ኳሷ የለችም። ለዚህ እርስዎ ሊያግዙት ይችላሉ። ከድንጋዩም ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቁም፤ ኳሷን ወደ ግድግዳው ይምታና ትመለስለት። እርስዎ አምስት ሜትር ያህል ከኋላው ይቁሙ። ኳሷ እየተመለሰች ሳለ ጣትዎን ያንሱ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አራት። እሱ በትከሻው ዞር ብሎ አይቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ከዚያ ኳሷን ያቁማት። መጀመሪያ ኳሷ ታመልጠዋለች። በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። በሁለት ወር ደግሞ ሳይነገረው ኋላውን የሚያይ ተጫዋች ይሆናል። በጣም ታዋቂ ሆነው የምናያቸው አማካዮች ከሌላው የሚለዩት በአብዛኛው በዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ ግራ እግሩ። ቀኝ እግረኛ ከሆነ በየቀኑ አሥር ደቂቃ በግራው ብቻ ግድግዳ ላይ ይምታ። ከቅርብ ይጀምር፣ ጠበቅ አድርጎ በውስጥ እግር። የመጀመሪያ ንክኪም እንዲሁ፤ ኳሷን በቆመበት ገደል እንደደረሰች አድርጎ አይግታት፤ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዟት ይውጣ። አብዶ ያስደስታል፤ አይከልክሉት። ግን መምህር ዓይን ውስጥ የሚገባው ኳስ የማይጠፋበት ልጅ ነው። ቴስታን በተመለከተ አሠራሩን ይማር፤ በቀን መቶ ጊዜ በጭንቅላቱ እየመታ ግን አይለማመድ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበት፣ ከተደናገረው፣ ካስመለሰው ወይም ለአፍታ እንኳ ራሱን ከሳተ ጨዋታው ለእሱ አልቋል። በዚያ ቀን አይመለስም። ሐኪም ይየው። ውኃ ራሱ ላይ አፍስሶ ማስገባት በየሜዳው የምናየው ልማድ ነው፤ አደገኛ ነው።

ከትልልቆቹ ጋር የሚጫወተውን በሳምንት አንድ ቀን ያድርጉት። ከፍ ካሉት ጋር መጫወት ያስተምራል፤ ሁልጊዜ ከሆነ ግን ኳስ መፍራትንና ቶሎ መጣልን ያስለምዳል። የቀረውን ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት። እዚያ ኳስ ያገኛል፤ ይሳሳታል፤ ደግሞ ይሞክራል። ሳምንቱ እንዲህ ይሁን፦ ሦስት ቀን ከማሟሟቂያ ጋር ልምምድ፣ አንድ ቀን ጨዋታ፣ ሁለት ቀን ግድግዳና ጥንካሬ ብቻ፣ አንድ ቀን ምንም። ጉልበቱ እስኪሻለው የልምምዱም የጨዋታውም ቀን በግማሽ ይቀንስ።

እንቅልፍ ላይ አባቶች ይጨክናሉ። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ አራት ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው የተኛው። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ የማለዳ ቅስቀሳው ይቅር። ቆላው ሞቃት ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወይም ፀሐይዋ ስትበርድ ይሥራ።

ምግብን በተመለከተ ከከተማ ዱቄት ገዝተው አያምጡለት። ሸዋ ሮቢት ማሾ የሚበቅልባት አገር ናት። ማሾ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በፍስክ ጊዜ እንቁላልና ወተት፤ ለ14 ዓመት ኳስ ተጫዋች የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከልምምድ በፊት በሶ ወይም ሙዝ፣ ከልምምድ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደህና ምሳ ወይም እራት። ኃይል ሰጪ ተብለው በቆርቆሮ የሚሸጡት መጠጦች ለልጅ አይሆኑም፤ ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። ውኃ ይጠጣ። ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ከሆነ አልጠጣም ማለት ነው። በሙቀት ረጅም ሰዓት ተጫውቶ ብዙ ካላበው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው መስጠት ይቻላል።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ልጆች በብዛት የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ልጅዎም ይጾም ይሆናል። ኳሱና ጾሙ አይጣሉም፤ ሰዓቱ ግን መስተካከል አለበት። እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾም ከሆነ በባዶ ሆዱና ያለ ውኃ ቆላ ላይ አይሩጥ። ከቅዳሴ መልስ ይመገብ፣ ደህና አድርጎ ውኃ ይጠጣ፤ ሁለት ሰዓት አርፎ ከሰዓት 11 ሰዓት ገደማ ቀለል ያለ የኳስ ሥራ ይሥራ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከባድ ልምምድ አይኑር። የጉልበቱን ዕረፍት ከዚህ ጋር ቢያገጣጥሙት ደግሞ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሳካልዎታል። ሰዓቱን ማሳጠር ካስፈለገ የንስሐ አባታችሁን ያማክሩ።

ታኬታ አሁን አይግዙ። በዚህ ዕድሜ እግር በሁለት ወር ቁጥር ሊቀይር ይችላል፤ ነሐሴ ላይ ሊሄድ ሲል ይግዙ። «ያድግበታል» ብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት ስህተት ነው። እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ይላል፤ ጥፍሩ ይጠቁራል። ከትልቁ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ክፍተት ይበቃል። ካልሲ አድርጎ ይለካ፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር ያኔ ሰፋ ይላል። ጥርሱ አጫጭርና ብዙ የሆነ ይምረጡ። ደብረ ብርሃን መስከረም ላይ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ሲያበቃ መሬቱ ይደርቃል። ረጃጅም የብረት ጥርስ ያለው ደረቅ ሜዳ ላይ ተረከዝና ጉልበት ይጎዳል። ሰልባጅ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሶሉ ያልተጣመመና ያልተሰነጠቀ ይሁን። የተረፈችውን ብር ለቅልጥም መከላከያ ያውሏት። ጭቃ የነካውን ጫማ ምድጃ ዳር አታድርቁት፤ ጋዜጣ ወይም ወረቀት ውስጡ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ሌላም ነገር አለ፤ ባይጠይቁኝም መጻፍ አለብኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው ዕድሜውን ሁለት ዓመት ቀንሱለት፣ ለታዳጊ ቡድን ይመቸዋል ይልዎታል። እምቢ ይበሉ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ይመረምራል። ከዚያ በፊት ግን ልጁ ራሱ ይጎዳል፤ ከትንንሾች ጋር በጉልበቱ እያሸነፈ ማሰብ ሳይማር ያድጋል። አካዳሚ አስገባዋለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅም አይክፈሉ። እንደ ኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ያሉ የመንግሥት ማሠልጠኛዎች ልጆች የሚቀበሉት በምልመላና በፈተና ነው። ይህን መንገድ መጠየቅ ካስፈለገ የወረዳው ወይም የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አለ።

ደብረ ብርሃን ሲገባ መጀመሪያ የክፍሉ ቡድን ውስጥ ይመዝገብ። የክፍሎች ጨዋታ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ መምህሩ ልጆቹን የሚያየው ግን እዚያ ነው። የሚወደውን ቦታ ሲጠየቅ አንድ ቦታ ይናገር፤ ሌላ ቦታ ሲሰጠው ሳያኮርፍ ይግባ። በዘጠነኛ ክፍል ዓመቱን ተቀያሪ ሆኖ ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ ባይመረጥም እንኳ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ካልተመረጠ የከተማውን የታዳጊዎች ፕሮጀክት ይጠይቅ። እርስዎ ግን መምህሩ ጋ ደውለው «ልጄን አስገባልኝ» አይበሉ። ለልጁ ይከብደዋል።

ለአክስቱ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ደጋው ብርድ ነው፤ ከልምምድ መልስ ላብ የነካውን ልብስ ወዲያው ይቀይር፤ ከጥቅምት ጀምሮ ማለዳ ላይ ውርጭ ስላለ ልምምዱን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያድርግ። ሮጦ ሲጨርስ በየጊዜው የሚያስለውና ደረቱ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ሐኪም ይየው፤ በቀዝቃዛ ደረቅ አየር የሚነሳ አስም ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው፤ ኳስ አያስተውም። በመስከረምና በጥቅምት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከያዘው ደግሞ «አየሩ ነው፣ ድካሙ ነው» ብላ አትለፈው። ልጁ የመጣው ከወባ አካባቢ ነው፤ ወባ ከተነከሰ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዱ ዓይነት ከወራትም በኋላ ይነሳል። ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ወባን ቀድሞ ላያስብ ስለሚችል እሷ ራሷ «ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣው፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» ትበል። በዚያው ቀን ትውሰደው፤ እስከ ማግስቱ አታሳድረው።